ለዳልጮ እናት ያላነበብኳቸው ወረቀቶች

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለአስናቀች አንጁሎ
ናይሮቢ

የጌታ ሰላም በዚያች በአንዲት ክፍላችሁ ውስጥ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ ዳልጮ ሥራ በሄደበት ሰዓት ብቻሽን አንብቢው። ልጅሽን ወይንሸቴንም ለጎረቤት ስጪያት። ካነበብሽው በኋላ ምን እንደምታደርጊ ወደ መጨረሻው ጽፌልሻለሁ። ዘለሽ ግን አትሂጂ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ መጀመሪያው የእኔ ጥፋት ነውና።

ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። ከሄዳችሁ ወዲህ በላክሁልሽ በሁለቱም ደብዳቤ የባልሽን እናት እማማ ፈጠነችን «ሄጄ አየኋቸው፣ ደህና ናቸው» ያልኩሽ ሐሰት ነው። አንድም ቀን አልሄድኩም። በነሐሴ «ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር፣ አሁን ግን በሁለቱም ጎን ያኝካሉ» ብዬሽ ነበር። የጥርሱን ሕመም እኔ ፈጠርኩት። ውሸት ባዶውን አይቆምም፣ ትንሽ ሕመም ሲጨመርበት እውነት ይመስላል ብዬ ነው። በመስከረም ደግሞ «የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን አብረን በላን» ብዬ ጻፍኩ። የጊፋታ ዕለት እኔ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የሰው ኮት ስሰፋ ነበር የዋልኩት።

የከፋው ገና ነው። በየፖስታው ውስጥ ለብቻዋ ታጥፋ የምትመጣው፣ ዳልጮ ለእናቱ የሚጽፋት ወረቀት አለች። «አባባ፣ ይህችን ለእማማ ያንብቡላቸው» ትዪኛለሽ። እሳቸው ፊደል አይቆጥሩም፣ በመንደራቸውም የሚያነብ የለም። ሦስቱንም ወረቀቶች ሳልዘረጋ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከአዝራር ጋር አስቀመጥኳቸው። «በሚቀጥለው ሳምንት እወስዳቸዋለሁ» እያልኩ።

ለምን እንዳልሄድኩ አንቺ አታውቂም። ሌላው ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

አንቺን ለዳልጮ ስድር በጉባኤው ፊት ቆሜ «በጌታ ዘንድ የገበሬ ልጅና የሸክላ ሠሪ ልጅ የለም» ማለቴን ታስታውሺያለሽ። ሰው እልል አለ፣ አንቺም አለቀስሽ። ያልኩትን አፌ አውቆታል፣ ጉሮሮዬ ግን አልሰማም። አገራችን ሸክላ ሠሪውን በምን ስም እንደሚጠራው ታውቂያለሽ፤ እዚህ አልጽፈውም። ድስቱን ከእጁ እንገዛለን፣ ከቤቱ ግን አንቀምስም። እኔም ወንጌልን ከሰማሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ከቤትሽ አንዲት ጉርሻ ውጬ አላውቅም።

እንዴት ሳታዪ ቀረሽ ብትዪ፣ እናትሽ ጥሩነሽ ናት። ሳህን ሲቀርብልን ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። የራሷን ቶሎ ትጨርስና አንቺ ወደ ጓዳ ዞር ስትዪ ሳህናችንን ታለዋውጠዋለች። የእኔንም ትበላዋለች። አንቺ ደግሞ «እማዬን የኔ ወጥ ተስማማት!» እያልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ሆዷን ይዛ «አንጁሎ፣ አንድ ቀን ያንተ ኃጢአት እኔን ያፈነዳኛል» ትለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጌታ ሲያሳርፋት የሚበላልኝ ሰው አጣሁ። «ዓይኔ ደክሟል፣ መንገዱ ይርቃል» እያልኩ ቤትሽ መምጣት የተውኩት ያኔ ነው። ዓይኔ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገባል፣ ልጄ።

ዳልጮ ግን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ከቤታችሁ ወጥቼ እስከ በሩ ሲሸኘኝ «አባባ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ባዶ ሆድ መንገድ ያስረዝማል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው የገባኝ። ለአንቺ ሳይነግርሽ አምስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረ።

ወጤን የማበስለው በእነሱ ድስት ነው። ስጸልይ «አንተ ሸክላ ሠሪያችን ነህ፣ እኛ ጭቃ ነን» እላለሁ፤ እግዚአብሔርን እንኳ በእነሱ ሙያ እየጠራሁ ነው የምለምነው። ይህን አስተውዬ ራሴን የፈራሁት በዚህ ወር ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዘግይቻለሁ።

ያንቺን ደብዳቤዎች ግን በቃሌ እስክይዛቸው ነው ያነበብኳቸው። ከሞያሌ ተነሥታችሁ በጭነት መኪና ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣችሁ መሄዳችሁን፣ የሚቀበላችሁ ሰው ቀኑን ተሳስቶ ናይሮቢ መኪና ማቆሚያው ላይ ሙሉ ቀን መዋላችሁን። ኬንያ ሲባል ሁሉም ሙቀት መስሎን ጋቢያችሁን ለእኔ ትታችሁልኝ ሄዳችሁ፣ በሐምሌ ብርድ ሦስታችሁም በአንድ ብርድ ልብስ መተኛታችሁን። ሆስፒታሉ ለሠራተኛ የሚሰጠው ክፍል ስምንት እርምጃ በአምስት እንደሆነ። ለሃያ ቤት አንድ ቧንቧ መሆኑን፤ ጠዋት ባልዲሽን ይዘሽ ስትሰለፊ ሴቶቹ ሲያናግሩሽ ፈገግ ከማለት ሌላ መልስ እንደሌለሽ። «አባባ፣ ፈገግታ ጉንጭ እንደሚያደክም እዚህ አገር ነው የተማርኩት» ያልሽኝን ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ። ወይንሸቴ ውሃን «ማጂ» ማለት ጀምራለች፤ በወላይትኛ ስትጠሪያት በእነሱ ቋንቋ ትመልስልሻለች፤ አንቺም «ልጄን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱብኝ ነው» አልሽ።

ዳልጮ ደግሞ የድሬሰር ወረቀቱን ይዞ ሲቀርብ አገላብጠው አይተው «ይህ በዚህ አገር አይሠራም» አሉት። ስምንት ዓመት የሰው ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው አሁን ወለል ያጥባል። ሲመለስ ጉልበቱን በሞቀ ጨርቅ ታሺለታለሽ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችሁ ዋንጂኩ ጠንካራ ገንፎ የመሰለ ነገር ከባቄላ ጋር ይዛ ገብታ፣ ከእናንተ ጋር ከአንድ ሳህን በልታ እንደሄደች ጻፍሽልኝ። ዳልጮ በመካከሉ ተነሥቶ ወጣ፤ ስትከተዪው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ምን ሆንክ?» ብትዪው «እዚህ አገር የማንም ልጅ አይደለሁም» አለሽ። «አባባ፣ ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አልገባኝም፣ ምን ማለቱ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ስለ አየሩ ጻፍኩልሽ።

የያዛችሁት ስንቅ ባለቀበት ሰሞን ዳልጮ «እናቴን ማን ያያታል?» ብሎ ሻንጣውን እንደገና ማሰሩን፣ የእኔም የነሐሴ ደብዳቤ በዚያው ቀን መድረሱን ነግረሽኛል። ሦስት ጊዜ አስነበበሽ። «ካኘከች ደህና ናት» ብሎ ሳቀ፤ በማግሥቱ ሄዶ የሁለት ዓመት ውል ፈረመ። ልጄ፣ ያ ፊርማ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ ሦስተኛው ደብዳቤሽ መጣ፤ አጭር ነበረች። «ዳልጮ እናቱን በሕልሙ እያየ አላስተኛ አለኝ። አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር እውነቱን ይጻፉልኝ። ታመው ከሆነ ውሉን አፍርሶ ይመጣል። ካፈረሰ ክፍሉን ይወስዱብናል፣ እኔና ወይንሸት የት እንደምንገባ አላውቅም። ግን እውነቱን ይጻፉልኝ።»

በእግዚአብሔር ስም ተጠይቄ ጥርስ መፍጠር አቃተኝ። በማግሥቱ ሦስቱን ወረቀቶች በኪሴ ይዤ በበዴሳ መንገድ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ነው በእግር። አራት ወር ሙሉ ሁለት ሰዓት መሄድ ያቃተኝ ሰው ነኝ።

ከቤታቸው ደጅ አንዲት ሴት ጭቃ በእግሯ ትረግጣለች። ጥሩዬ የምትባለው ጎረቤታቸው ናት።

«ሸክላ ከሆነ ቅዳሜ ገበያ ይምጡ፣ ዛሬ ገና ጭቃ ነው» አለችኝ።

«ሸክላ አይደለም። እማማ ፈጠነችን ፈልጌ ነው። የአስናቀች አባት ነኝ።»

ከጫማዬ እስከ ባርኔጣዬ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጎጆው ዞራ ጮኸች፤ «እማማ! ያ የማይመጣው ሰውዬ መጣ!»

«ይግባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «በሩ ዝቅ ያለ ነው በዪው፤ ሳያጎነብስ አይገባም።»

አጎንብሼ ገባሁ። ተኝተዋል። ፊታቸው መንምኖ ሆዳቸው እንደ እርጉዝ ሴት አብጧል። ገና ሳልቀመጥ «ልጄ ሞቷል?» አሉኝ።

«ኧረ በጌታ! ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ታዲያ አንተ ምን አመጣህ? አንተን ወደዚህ ቤት የሚያመጣህ መርዶ ብቻ ነው ብዬ።»

ወረቀት እንደመጣላቸው ነገርኳቸው። «ዛሬ ነው የመጣው?» አሉ። «ቆይቷል» አልኩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ገበያ ላይ ጫማ ያደረገ ሰው ሁሉ ባየሁ ቁጥር ‹ከኬንያ ወረቀት አልመጣም ወይ?› እላለሁ። ‹ትልቅ አገር ገብቶ እናቱን ረሳ› ይሉኛል። እኔም ይርሳኝ አልኩ። እኛን የሚያስረሳ አገር ከሆነ ጥሩ አገር አግኝቷል ማለት ነው።»

የመጀመሪያዋን ወረቀት ዘረጋኋት። ዳልጮ በአማርኛ የጻፈውን ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። የመንገዱን ነገር፣ የሽንኩርቱን ጆንያ አነበብኩ፤ ሳቁ። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ደርሼ ቆምኩ።

«ለምን ቆምክ? አንብብ እንጂ።»

የዳልጮን ጽሑፍ እንዳለ ልጻፍልሽ፣ አንቺም አላየሽው ይሆናል፦ «እማ፣ ከመውጣቴ በፊት ከሆድሽ ላይ የዳሰስኩት እብጠት አላማረኝም። አንቺን እንዳላስፈራ ዝም አልኩ። አሁን ግን ተኝቼ አላድርም። ይህ ወረቀት እንደተነበበልሽ በዚያው ሳምንት ኦቶና ሆስፒታል ሂጂ። ቶሎ ከሆነ ያወጡታል። የአስናቀች አባት ይወስዱሻል፣ እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው።»

አነበብኩላቸው። አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ለመዝለል አስቤ ነበር፤ ጌታ ያውቃል።

«ቀኑ ተጽፎበታል?» አሉ።

«ሐምሌ 18።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። አራተኛዋን ጣት ይዘው ቆዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገቡ። አልሰደቡኝም። ምነው በሰደቡኝ።

ጥሩዬ የተቀቀለ ጎዳሬ ከዳጣ ጋር አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በዚህ ቀን እንኳ ባልበላ ሰው አይደለሁም ብዬ አንዱን አነሣሁ፣ በአፌ አደረግሁ፣ አኘክሁ። አልወርድ አለኝ። የሠራሁትን አውቄ፣ አልቅሼ፣ ጸልዬ፣ ያም ሆኖ አልወርድ አለኝ። ዞር ብዬ ወደ መሐረቤ መለስኩት። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«አልወረደም?» አሉ ሳይገልጡት። «ተወው፣ አትታገለው። ሚስትህ ነበረች የምትበላልህ። እሷ ስትሞት እዚህ መንደር ‹ለሁለት ትበላ የነበረችው ሴት አረፈች› ብለን ነው ያለቀስንላት።»

በሦስተኛው ቀን ከመንደሩ ወንዶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመናቸው ኦቶና ወሰድናቸው። ሐኪሙ በደግነት ነው ያያቸው፣ ብዙ ጊዜም ወሰደ። በአስተርጓሚ «መቼ ነው የጀመረዎት?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ «የቆየ ነው። እኔ ነኝ ቸል ያልኩት» አሉት። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ጊዜው እንዳለፈ፣ ሕመሙ እንዳይጠናባቸው የሚዋጥ እንጂ የሚድኑበት እንደሌለ ነገሩን። ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው አሉ።

ሁለት ሰዓት መንገድ ተመልሰው መሄድ እንደማይችሉ ለማየት ሐኪም አያስፈልግም ነበር። የእኔ ቤት ደግሞ ከዚያ ቅርብ ነው። «እኔ ቤት» አልኳቸው ተሸካሚዎቹን። እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ከቃሬዛው ላይ «ወንድሙ አጥሩን ያቃጥልበታል፣ አትስሙት!» አሉ። እኔ ግን ፊት ፊት ሄድኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ በእኔና በእናትሽ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው። ሃያ ቀን ነው የኖሩት።

ጥሩዬ አብራ ቆየች፣ እሷ ታበስል ነበር። እኔ ማለዳ ስፌቴን እሰፋለሁ፣ ከሰዓት ወረቀቶቹን አነብላቸዋለሁ። በየቀኑ ሦስቱንም ነው የሚያስነብቡኝ። ዋንጂኩ ከእናንተ ጋር የበላችበትን ሲሰሙ «እዚያ ላይ ደግመህ» ይሉኛል። «ሴትዮዋ ግን አልጠየቀችም? ማን ናችሁ፣ ከማን ወገን ናችሁ አላለችም?» «አላለችም።» «ዝም ብላ በላች?» «ዝም ብላ።» «ይህች ሴት ጅል ናት ወይስ መልአክ?» ብለው ይስቃሉ፤ ሳቁ ያማቸዋል፣ ሆዳቸውን ይይዛሉ፣ «ደግመህ» ይላሉ።

በአራተኛው ቀን እንዲህ ሳነብ ጥሩዬ ከአጠገቤ ሳህን አስቀምጣ ኖሯል። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው። አንብቤ ስጨርስ ሁለቱም እኔን ያያሉ። ሳህኑን ባየው ባዶ ነው።

«ጥሩዬ፣ አየሽልኝ?» አሉ እማማ። «ለካ ሰውዬው ሲያነብ ጉሮሮው ይከፈታል! ፊደል ሲያይ እንደሚበላ ቀድሞ ማን በነገረን!»

ወጥቼ ከእንሰቱ መሀል ቆሜ አለቀስሁ። ሃያ ዓመት ስብከት ያልሠራውን ሥራ ያ ባዶ ሳህን ሠራው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ያለፈው ሁሉ ለምን ነበር?

ወንድሜ ባዳቾ መጣ። የማኅበሩ ሽማግሌ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ከበሩ ውጭ ቆመ።

«አንጁሎ፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሃል?»

«ግባና ጸልይላቸው፣ ሽማግሌ አይደለህ?»

«እዚሁ ሆኜ እጸልያለሁ። እግዚአብሔርን ግድግዳ አይከለክለውም።»

«እሱንስ አይከለክለውም» አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከደጅ ጸለየ፣ ጥሩ ጸሎት ነበር፣ ሄደ። ልፈርድበት አልችልም። ከአንድ ወር በፊት ከእሱ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

እማማ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ነገር ለመኑኝ። «የአስናቀች አባት፣ ለዳልጮ ጻፍለት።»

«ምን ብዬ?»

«እናትህ ሞታለች በለው። ገና ብኖርም ዛሬውኑ በለው። ታማለች ካልከው ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ማን ሆኖ ነው የሚመጣው? እዚያ ወለል ያጥባል፣ ሰው ግን ከእሱ ጋር ይበላል። እዚህ ቁስላችሁን ያጥባል፣ ከእጁ ውሃ አትቀበሉም። ሞታለች በልልኝ።»

«እማማ፣ እኔ ከእንግዲህ አልዋሽም። ምያለሁ።»

«እስካሁን የዋሸኸው ለራስህ ነው» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ለእኔ ዋሽልኝ።»

ይህን ሲሉኝ ወረቀትና ብዕር አነሣሁ፤ ሁለት ቀን ፊቴ ተቀምጦ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። እውነቱን ብጽፍ ባልሽ ሥራውን ትቶ ይነሣል፣ አንቺና ልጅሽ ውጭ ትቀራላችሁ፣ እሱም ቢመጣ በሕይወት አይደርስባቸውም። ብዋሽ ደግሞ በሕይወት ያለች እናቱን እቀብርበታለሁ። ጸለይኩ። መልስ አልመጣልኝም። ልጄ፣ ጸሎቴ መልስ እንዳላገኘ ለሰው ስነግር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ኅዳር 21 ቀን፣ ጠዋት፣ እማማ ፈጠነች አረፉ። ጥሩዬ እጃቸውን ይዛ ነበር፤ እኔ እግራቸው ሥር ነበርኩ። የመጨረሻ ቃል አልተናገሩም። ውሃ ጠየቁ፣ ሰጠኋቸው፣ አልዋጡትም።

አሁን የምታደርጊውን ስሚ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እናንተ ግን እዚያ ዘመድ የላችሁም። ዋንጂኩን ጥሪያት። ቋንቋችሁን አትስማ እንጂ ከሰው ጋር መቀመጥ ታውቃለች። ከሥራ በሚያርፍበት ቀን ማለዳ፣ ውሃ ሳይቀዳ፣ እሷ በአንድ ጎኑ አንቺ በሌላው ሆናችሁ ንገሪው። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ስጪው፣ ሙሉውን ያንብበው። የሐምሌ 18ቱን አትደብቂለት። እኔን እንዲጠላኝ ፍቀጂለት። «አባቴ ነው፣ አርጅቷል» ብለሽ አትከላከይልኝ፤ አንቺም ብትጠዪኝ ደብዳቤ ማቆም መብትሽ ነው። ይቅርታ መለመን ለእኔ ቀላል ነው፣ ለእሱ መስጠት ግን እናቱን ድጋሚ መስጠት ይሆንበታል። ስለዚህ አልለምነውም። ልምጣ ካለሽ የሚመጣለት ሰው እንደሌለ ንገሪው።

እግዚአብሔር እናንተን ባላወቃችሁት አገር ያውቃችሁ። የዳልጮን ጉልበት ያጽናው፣ የአንቺን ጉንጭ ያሳርፈው፣ ወይንሸቴ በየትኛውም ቋንቋ ትጥራው፣ ይስማት። የእኔን ቤት ያየው ዓይን የእናንተን ቤት አይየው። አሜን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ጽፌልሽ ላብቃ።

ሰኞ ከሰዓት ባዳቾ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። በማኅበሩ መቃብር እንዲቀበሩ ጠይቄ ነበርና መልስ አመጡ። «ምእመኑ ገና አልበሰለም፣ ይከፋፈልብናል፣ ጊዜ ይሰጠን» አሉ። ጥሩዬም «ተዉት፣ ወደ መንደራችን እንወስዳቸዋለን፤ መሸከም እንደሆን ለምደናል» አለች። እኔ ዶማዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ባዳቾ ተከተለኝ፣ በትሩን ፊቴ ላይ አጋደመ። «ይህ የአባታችን መሬት ነው» አለኝ። «እዚህ ብታስገባት እንሰቱ ይደርቃል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ወንድምህ አይደለሁም፣ ስትሞትም አልቆምልህም።» የእናቴ ልጅ ነው፣ አንድ ጡት ነው የጠባነው፤ እንደማይቀልድ አውቃለሁ። በትሩን ተራምጄ አለፍኩ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ከማኅበራችን ደጄን የረገጠ የለም፣ ስፌት ያመጣም የለም። አፈሩ ደረቅ ነበር፤ ከመንደራቸው የመጡት አራት ሰዎች እያገዙኝ እስከ ማታ ቆፈርን። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሰባት ሰው ቆሞ፣ እኔ ጸልዬ፣ የባልሽን እናት ከእናትሽ ከጥሩነሽ አጠገብ ቀበርኳቸው።

አባትሽ
አንጁሎ ኤርሳዶ